የእግር ኳስ ጌምን እውነተኛ ጨዋታ ለማስመሰል፦ ሌቨል፣ አሲስትና ስላይደር እንዴት ይስተካከላሉ?

ኮምፒውተሩ የሚያጫውተውን ተጋጣሚ ማክበድና ጨዋታውን እውነተኛ ማድረግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ በተባለው የእግር ኳስ ጌም ላይ ሌቨሉን (የክብደት ደረጃውን) ከወርልድ ክላስ ወደ ሌጀንደሪ፣ ከዚያም ወደ አልቲሜት ከፍ ስታደርጉ ተጋጣሚው በፍጥነት ይወስናል፣ ኳስ ማስነጠቁን ያቆማል፣ ቅብብሉም ከሞላ ጎደል እንከን የለሽ ይሆናል። የታችኛው ዲቪዚዮን የመሀል ተከላካይ ሳይቀር እንደ ምርጥ አማካይ ማቀበል ይጀምራል። ሜዳ ላይ የምናየው እግር ኳስ ግን በስህተት የተሞላ ነው፤ ጎሉም፣ መልሶ ማጥቃቱም፣ ማዕዘን ምቱም የሚወለደው አንድ ሰው ስለተሳሳተ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ሁለቱም ቡድኖች በተመጣጣኝ መጠን እንዲሳሳቱ ማድረግ ነው።

ከሁሉ በፊት መለኪያ ያዙ። በኳታሩ የ2022 የዓለም ዋንጫ በ64 ጨዋታዎች 172 ጎሎች ተቆጥረዋል፤ በአማካይ በጨዋታ 2.7 ገደማ ማለት ነው። ብዙ ጎል በታየበት የ2023–24 ፕሪሚየር ሊግ እንኳ በ380 ጨዋታዎች የተቆጠረው 1,246 ነው፣ ወደ 3.3 ይጠጋል። በትልልቅ ሊጎች የአንድ ቡድን የቅብብል ስኬት አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 85 በመቶ ሲሆን ሙከራውም ከ10 እስከ 15 ባለው ውስጥ ይውላል። የእናንተ ጨዋታ በየቀኑ 5 ለ 4 የሚያልቅ ከሆነ፣ ወይም ተጋጣሚው 94 በመቶ ቅብብሉ የሚሳካለት ከሆነ፣ ምኑን መንካት እንዳለባችሁ ከወዲሁ ታውቃላችሁ።

ስላይደር ከመንካታችሁ በፊት

ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ስላይደር፣ ማለትም የጨዋታውን ባሕርይ በቁጥር ከፍና ዝቅ ወደሚያደርገው የሰቲንግ መቆጣጠሪያ፣ ይሮጥና ለውጡ አልታይ ይለዋል። ምክንያቱ አሲስት፣ ማለትም ስታቀብሉና ስትመቱ ጌሙ የሚያደርግላችሁ እገዛ፣ ነው። የመሬት ፓስ «አሲስትድ» ላይ ሲሆን ጌሙ የጠቆማችሁትን አቅጣጫ አርሞ ኳሷን ወደ ጓደኛችሁ ይመራታል፤ የእናንተን የፓስ ስህተት ስላይደር ብትጨምሩም እርማቱ አብዛኛውን ይውጠዋል። የመሬት ፓስንና ዘልቆ የሚገባውን ፓስ ወደ «ሰሚ» (ከፊል እገዛ) ቀይሩ። መጀመሪያ አካባቢ ኳስ ከሜዳ መውጣት ይበዛል፤ ተጫዋቹን ወደሚያቀብልበት አቅጣጫ አዙሮ ማቀበል ሲለመድ ይስተካከላል። ሙሉ ማንዋል (ያለ ምንም እገዛ) ለሚችልበት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እናንተ ማንዋል ስትጫወቱ ኮምፒውተሩ የዚያ ችግር ስለሌለበት ሚዛኑ ወደ እሱ ያጋድላል፣ የእሱን የፓስ ስህተት ይበልጥ ከፍ ማድረግ ግድ ይሆናል።

መከላከሉ «ታክቲካል» ይሁን። አውቶማቲክ ሹትንና አውቶማቲክ ማጽዳትን አጥፉ። «ኮምፒቲተር ሞድ» የሚባለው በሌጀንደሪና በአልቲሜት ላይ ተጋጣሚው እንደ ኦንላይን ተወዳዳሪ እንዲጫወት የሚያደርግ ነው፤ በየደቂቃው አብዶ የሚሠራ ተከላካይ ካልፈለጋችሁ ይዘጋ። ኤፍሲ 26 ያላችሁ ደግሞ በካሪየር ሞድ (አንድን ቡድን ይዞ ለብዙ ሲዝን በሚመራበት የጌሙ ክፍል) «ኦተንቲክ» የሚለውን የጨዋታ ስልት ምረጡ፤ ከኦንላይኑ ስልት ይልቅ ለዚህ ዓላማ የተሠራ ነውና ከእሱ መነሳት ግማሹን ሥራ ያቀልላል።

የጊዜ ጉዳይም አለ። የአንድ አጋማሽ ርዝመት 6 ደቂቃ ሲሆን 45ቱ ደቂቃ 7.5 ጊዜ ተጨምቋል ማለት ነው። ኳስ መሀል ሜዳ ላይ ለማንሸራሸር ጊዜ ስለማይኖር ሁሉም ሰው ወደ ፊት ይሮጣል። በ10 ደቂቃ መጨመቂያው ወደ 4.5 ይወርዳል፤ ለእኛ ሚዛን የሚደፋው ይህ ነው። 15 እና 20 የሚመርጡ አሉ፤ ትዕግሥቱ ካላችሁ ጨዋታው ያምራል፣ ነገር ግን ስላይደሩ ሳይስተካከል ሰዓቱን ብቻ ማርዘም ጎሉን ያበዛዋል። የጨዋታው ፍጥነት «ኖርማል» ላይ ይቆይ። «ስሎው» ሲሞከር ደስ ይላል፤ ግን ፈጣኑ የመስመር አጥቂም አብሮ ስለሚዘገይ ፍጥነቱ ዋጋ ያጣል።

መነሻ ቁጥሮች

ስላይደሮቹ ከ0 እስከ 100 የሚሄዱ ሲሆን ሁሉም 50 ላይ ነው የሚጀምሩት። አንዱ ገጽ የእናንተ ነው፣ ሌላው የኮምፒውተሩ። ሌቨሉን ወርልድ ክላስ ላይ አድርጉና ከዚህ ተነሱ፦ የፓስ ስህተት ለእናንተ 55፣ ለኮምፒውተሩ 62። የሹት ስህተት ለሁለቱም 55። የፓስ ፍጥነት ለሁለቱም 47። የመጀመሪያ ንክኪ ስህተት ለእናንተ 53፣ ለኮምፒውተሩ 58። የግብ ጠባቂ ችሎታ ለሁለቱም 50 ይቆይ። እነዚህ መድረሻ አይደሉም፤ በእጃችሁ አሲስትና በአጨዋወታችሁ ልክ የሚቀየሩ ናቸው።

የሩጫ ፍጥነትንና አክስለሬሽንን አትንኩ። ይህን አጥብቀን የምንናገረው በጣም የሚያጓጓ ስህተት ስለሆነ ነው። የተጋጣሚው አጥቂ አንዴ ከተከላካያችሁ አምልጦ ሲያገባ እጅ ወዲያው የኮምፒውተሩን ፍጥነት ወደ 45 መቀነስ ያምረዋል። ያን ጊዜ ግን ዘገምተኛው የመሀል ተከላካያችሁ ፈጣኑን ክንፍ ሁሉ ከኋላ ደርሶ ይይዛል፣ በተጫዋቾች መካከል ያለው ልዩነትም ይጠፋል። የመሮጫው ሜዳ የተከፈተው የመከላከል መስመራችሁ ከፍ ብሎ ስለቆመ ነው፤ መፍትሔውም እዚያው ነው። የእናንተን የመስመር ከፍታ ከ50 ወደ 46 አውርዱና እዩት። በታክቲካችሁ ላይም ከፍ ያለ መስመር መርጣችሁ ከሆነ ሁለቱ እንደሚደመሩ አትርሱ።

አንዱን ችግር ቀረብ ብለን እንየው። 75ኛው ደቂቃ ነው፣ እየመራችሁ ነው። የተጋጣሚው አማካይ ፊቱን ወደ ራሱ ጎል አድርጎ ኳስ ይቀበላል፣ ሰው ጀርባው ላይ ተለጥፎበታል። እሱ ግን በአንድ ንክኪ ዞሮ 40 ሜትር ርቆ ላለው ክንፍ እግሩ ሥር ያስቀምጥለታል፤ ክንፉም ኳሷን ሲያበርድ አንዲት ጣት እንኳ አትርቅም። እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። ረጅሙ ፓስ የጠራው የፓስ ስህተቱ ስላነሰ ነው፣ ኳሷ እግሩ ላይ የተለጠፈችው ደግሞ የመጀመሪያ ንክኪ ስህተቱ ስላነሰ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትቀይሩ። መጀመሪያ የኮምፒውተሩን የመጀመሪያ ንክኪ ስህተት በ3 ጨምሩ፤ ክንፉ ኳሷን አንድ ሜትር ሲያርቅ የመስመር ተከላካያችሁ የሚደርስበት ጊዜ ያገኛል። ካልበቃ ቀጥሎ ፓሱን በ3።

ጎል ሲበዛ ደግሞ ሰው ቶሎ ግብ ጠባቂውን ያጠነክራል። ውጤቱ ሁሉን የሚመልስ በረኛ፣ የሚተፋቸው ኳሶች፣ የማዕዘን ምት ጎርፍ ነው። በእውነተኛ ጨዋታ ብዙ ሙከራ ጭራሹን ወደ ጎል አይሄድም፤ ስለዚህ በመጀመሪያ የሁለቱንም የሹት ስህተት በ5 ጨምሩ። ግብ ጠባቂውን የምትነኩት ኢላማቸውን የጠበቁት ሙከራዎች ከጠቅላላው ሲሶ አካባቢ ከሆኑ በኋላም ጎሉ አሁንም ከበዛ ነው፣ እሱም ቢሆን በ2 ብቻ።

ጨዋታው ከጎል ወደ ጎል መመላለስ ከሆነና አማካይ መስመሩ ባዶ ሜዳ ከመሰለ፣ በመስመሮች መካከል ያለውን ርቀት የሚወስነውን ርዝመት ለሁለቱም ወደ 46 ቀንሱ፤ ተከላካዩ፣ አማካዩና አጥቂው ይቀራረባሉ። የሩጫ ድግግሞሽን ከ50 ወደ 42 ማውረድ የበለጠ ይሠራል፦ አጥቂዎች በየቅብብሉ ወደ ፊት መፈትለካቸውን ያቆማሉ፣ ኳስ የያዘው ሰው ዞር ብሎ ወደ ኋላ ለማቀበል ይገደዳል። ከ35 በታች ካወረዳችሁት ግን ሁሉም ቆሞ ኳስ እግሩ ላይ የሚጠብቅ ቡድን ታገኛላችሁ። ሁለቱም የመስመር ተከላካዮች ባንዴ ፊት ላይ ከተገኙ የመስመር ተከላካይ አቋቋምን በ5 ዝቅ አድርጉ።

ማርኪንግ (ተጋጣሚን ተጠግቶ መያዝ) ሲጨምር ተከላካዮች ይጠጋሉ፣ የአካል ንክኪም ይበዛል። ኮምፒውተሩ ጥፋት አይሠራም የሚል ቅሬታ ላለው ሰው የእሱን ማርኪንግ ወደ 56 ማድረስ ጥቂት ይረዳል፤ ተአምር ግን አትጠብቁ።

እንዴት ይፈተናል

ፈተናው በካሪየር ሞድ ባጠናከራችሁት ቡድን ላይ አይሁን። በኪክ ኦፍ (ነጠላ ጨዋታ በሚካሄድበት ክፍል) ደረጃቸው እኩል የሆኑ ሁለት ቡድኖች ምረጡ፤ ሁለት ባለ 4 ኮከብ ቡድኖች ቢሆኑ መልካም ነው። ጠንካራ ቡድን ይዛችሁ ደካማውን ከፈተናችሁ ስላይደሩ የሚነግራችሁ የቡድኖቹን ልዩነት ነው። ምንም ሳትቀይሩ ቢያንስ አራት ጨዋታ ተጫወቱና የቅብብል መቶኛውን፣ ሙከራውን፣ ኢላማ የጠበቀውን፣ ጎሉን ጻፉ። የቅብብል ጠቅላላ ብዛትን ከቴሌቪዥን ጨዋታ ጋር አታወዳድሩ፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ 500 ፓስ አይገኝም። መቶኛው ነው የሚያስተማምነው። ከዚያ አንድ ስላይደር፣ በ2 ወይም በ3፣ እንደገና አራት ጨዋታ። በአንድ ሽንፈት ተናዶ ቁጥር መቀየር ድካሙን ሁሉ ያበላሻል፤ 3 ለ 0 መሸነፍ በእውነቱም ዓለም ያለ ነገር ነው።

የኪክ ኦፍ ቁጥሮች ወደ ካሪየር ሞድ በራሳቸው ይገባሉ ብላችሁ አትተማመኑ፤ ካሪየሩን ከፍታችሁ በውስጡ ባለው ሰቲንግ አንድ በአንድ አረጋግጡ፣ ካልገቡም እዚያው ሙሏቸው። የስክሪኑን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ኦንላይን ስትጫወቱ ስላይደር አይሠራም። ጌሙ አፕዴት ሲደረግም የኳሱና የበረኛው ባሕርይ አንዳንዴ ስለሚለወጥ፣ ከእያንዳንዱ ትልቅ አፕዴት በኋላ በእነዚያው ሁለት ቡድኖች አራቱን ጨዋታ ድገሙና ከድሮው ቁጥር ጋር አስተያዩት።