የፊልሙን ቫምፓየር ጠረጴዛ ላይ የሚገድሉት ስህተቶች

ካውንት ኦርሎክን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዲ ኤንድ ዲ ጠረጴዛችን ያመጣሁት ዕለት፣ ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ጭራቅ ሦስተኛው ዙር ሳያልቅ ተዘርሮ ነበር። (ዲ ኤንድ ዲ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ማለት ነው፤ የጨዋታ መሪው ታሪኩን እየተረከ ጭራቆቹን ያንቀሳቅሳል፣ ተጫዋቾቹ ዳይስ እየወረወሩ ጀግኖቹን ይሆናሉ፤ በውጊያ ሁሉም አንድ አንድ ተራ ሲያገኝ አንድ ዙር ይባላል። መሪው እኔ ነኝ።) ከተጫዋቾቹ አንዱ ቆሎ እየቆረጠመ «በቃ? ይሄው ነው?» አለኝ። ምንም አልመለስኩም፤ ይሄው ነበራ!

ኦርሎክ በ1922 የወጣው የጀርመኑ ድምፅ አልባ ፊልም፣ የ«ኖስፌራቱ» ቫምፓየር ነው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እዚህ ላይ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ዳይሬክተሩ ኤፍ ደብልዩ ሙርናው፣ ተዋናዩ ማክስ ሽሬክ ናቸው። ራሰ በራ፣ ጆሮው የሾለ፣ የፊት ጥርሱ እንደ አይጥ ጥርስ የገጠጠ፣ ጥፍሩ የረዘመ ፍጡር ነው። ፊልሙ ውስጥ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ መቶ ዓመት አልፎም ደረጃውን የሚወጣው ጥላው ሰው ያስደነግጣል። ግን እዚያ ካሜራው ያግዘዋል፣ ጨለማው ያግዘዋል፣ ተመልካቹም አፉን ዘግቶ ይቀመጣል። ጠረጴዛችን ላይ ያሉት አምስት ሰዎች፣ አንድ ሳህን ቆሎ፣ የዳይስ ክምር እና ምንም ነገር ሲያይ «እመታዋለሁ!» የሚል አንድ ጓደኛ ናቸው። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ከችሎታው መጀመር

ብዙ ጊዜ የምናደርገው ይህን ነው፦ የጭራቆች መጽሐፉን እንከፍታለን፣ «ቫምፓየር» የሚለውን ገጽ እናገኛለን፣ ከላይ የፊልሙን ስም እንጽፍበታለን። በ2014 የወጣው የጨዋታው አምስተኛ እትም ቫምፓየር 144 የሕይወት ነጥብ አለው፤ በዓይኑ ያፈዝዛል፣ የሌሊት ወፍና ጉም ይሆናል፣ ነክሶ የገደለው ሰው ከተቀበረ በኋላ ሎሌው ሆኖ ይነሣል። ይህ ሁሉ ለድራኩላ ይስማማል፤ ለኦርሎክ ግን አይሆንም። ኦርሎክ የነከሰው ሰው ቫምፓየር ሆኖ አይነሣም፣ ከሞተ ሞተ፤ አለቀ። ከእሱ ጋር የሚገባው ወረርሽኝ ነው። በመርከብ ይመጣል፣ አፈር የተሞሉ ሣጥኖቹ ውስጥ አይጦች አሉ፣ ከዚያ በኋላ በከተማዋ ጎዳና የሬሳ ሣጥን የተሸከሙ ሰዎች ተሰልፈው ይሄዳሉ። ስለዚህ ማፍዘዙንና የሌሊት ወፉን ሰረዝኩ፣ አይጦቹን አስቀረሁ፣ በምትኩ በየቀኑ አንድ ተጨማሪ ቤት የሚዘጋ በሽታ ጨመርኩ። በሁለተኛው ሙከራዬ ተጫዋቾቼን ያስፈራቸው ገና ያላዩት ካውንት ሳይሆን፣ ትናንት ዳቦ የገዙበት ሱቅ ተዘግቶ ማግኘታቸው ነው።

ከችሎታው በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ምን ይፈልጋል?» የሚለው ነው። ኦርሎክ የአንዲት ሴት ሥዕል አየ፤ ወዲያው ከቤቷ ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ቤት ገዛ። ልብ በሉ፣ ቤት ለመግዛት ደላላ ያስፈለገው ጭራቅ ነው! ለጨዋታ መሪ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ደላላ ካለ ውል አለ፣ ውል ካለ ፊርማ አለ፣ ዕቃ የጫነ መርከብ አለ፣ ሣጥኖቹን ያወረዱ ጭነት አውራጆች አሉ። ተጫዋቾቹ ጭራቁን ሳያገኙት በፊት ሦስት ሳምንት ዱካውን ሊከተሉ ይችላሉ።

ይህን ትምህርት የጨዋታው ዓለም ቀድሞ ተምሮታል። የጨዋታ ደራሲው ትሬሲ ሂክማን በአንድ ጨዋታ ላይ ቫምፓየር ዋሻ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሲጠብቃቸው አገኘ፣ «ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄም አልለቀው አለ። ከባለቤቱ ከሎራ ጋር ሆነው በ1983 ያሳተሙት «ሬቨንሎፍት» የዚያ ጥያቄ መልስ ነው። ስትራድ የሚባለው ቫምፓየር እዚያ ቤት አለው፣ ያጣት ሴት አለችው፣ ቂም አለው። በጨዋታው መጀመሪያ የሚወጣው የካርታ ጥንቆላም ዓላማውንና የሚገኝበትን ቦታ በየጊዜው ይለዋውጠዋል።

የፀሐይን ነገር ማደባለቅ

ብዙ ሰው ቫምፓየር ሁሉ በፀሐይ ይሞታል ብሎ ያስባል። የደራሲው የብራም ስቶከር የ1897ቱ ልብ ወለድ ድራኩላ ግን ኃይሉ ይቀንስ እንጂ በቀን ለንደን ውስጥ ይንቀሳቀሳል። በፀሐይ ብርሃን መጥፋትን ያመጣው የ1922ቱ ፊልም ነው። ወደ ጨዋታው ስንመጣ ደግሞ ሌላ ሕግ እናገኛለን፦ የ2014ቱ ቫምፓየር ፀሐይ ላይ በጀመረው ተራ ሁሉ 20 ነጥብ ያጣል። 144 ለ20 ሲካፈል ከሰባት ትንሽ ይበልጣል፣ ስለዚህ የሚያልቀው በስምንተኛው ተራ ነው፤ አንዱ ዙር ስድስት ሰከንድ ስለሆነ፣ ማንም ካልነካው ከ40 ሰከንድ በላይ ፀሐይ ላይ መቆም ይችላል ማለት ነው። ኦርሎክ ግን በአንድ ጊዜ ጭስ ሆኖ ነው የሚጠፋው። ከሦስቱ አንዱን ምረጡና ተጫዋቾቹ ሊደርሱበት የሚችሉበት ፍንጭ አስቀምጡ። ሕጉን መሐል ላይ መቀየር ከማጭበርበር አይለይም፤ ጓደኞቻችሁም ያውቁባችኋል።

እኔ የፊልሙን መረጥኩ፦ ፀሐይ ከነካው አበቃ፣ ነጥብ አይቆጠርም። ያኔ ተጫዋቹ «መጋረጃውን እገልጣለሁ» ቢልስ? ይገለጣ! ውጪው ሌሊት ነው። «ዴይላይት» የሚባለውን አስማት ይዞ የሚመጣም አይጠፋም። በ2014ቱ ጽሑፍ ያ ብርሃን የፀሐይ ብርሃን አይባልም፤ በ2024ቱ ግን ይባላል። የትኛውን እትም እንደምትጫወቱ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ አለበለዚያ ትልቁ ትዕይንታችሁ በክርክር ያልቃል።

የፊልሙ መጨረሻ ለጨዋታ የተሠራ ይመስላል፦ ኤለን የምትባለው ሴት ራሷን አሳልፋ ሰጥታ ዶሮ እስኪጮህ ታቆየዋለች። አታሸንፈውም፤ ታስረሳዋለች። የመጨረሻውን ፍልሚያ በዚህ መልክ ቀየርኩት፤ ግቡ መግደል ሳይሆን እስከ ንጋት ማቆየት ሆነ። እዚህ ላይ የሠራሁት ስህተት ጊዜውን በውጊያ ዙር መቁጠሬ ነው። ስምንት ሰዓት የሚረዝም ሌሊት 4,800 ዙር ነው፤ እሱን ስንቆጥር የእኛም ፀሐይ ትወጣ ነበር። መፍትሔው ስድስት ቦታ የተከፈለ ክብ ወረቀት ላይ መሣል ነው። በወሬ ያዙት? አንድ ክፍል ይጠቆራል። የሐሰት ውል አስፈረሙት? አንድ። አንዱ ክንዱን ዘርግቶ አስጠጣው? ሁለት። ስድስተኛው ሲሞላ ዶሮ ይጮሃል።

ሳይጠሩት አቤት የሚል ቫምፓየር

የመጀመሪያው ሽንፈቴ ምክንያት ይህ ነበር፤ ገና በሩ እንደተከፈተ ኦርሎክ ሰፊ አዳራሽ መሐል ብቻውን ቆሞ አገኙት። አምስት ሰው በአንድ ዙር አምስት ጊዜ ይመታል፤ እሱ አንድ ተራ ነው ያለው። መጽሐፉ ከሌሎች ተራ በኋላ የሚጠቀምባቸው ሦስት ተጨማሪ እርምጃዎች እና በቀን ሦስት ጊዜ ያልተሳካለትን መከላከያ እንደተሳካ የመቁጠር መብት ይሰጠዋል፣ በየተራውም 20 ነጥብ ያገግማል። ሜዳ ላይ ከቆመ ግን ይህም አያድነውም። ጠባብ ደረጃ፣ የሚጠፋ መብራት፣ በግድግዳ መውጣት፣ ቁስል ሲበዛበት መሸሽ ያስፈልገዋል። መሸሽ ውርደት አይደለም። በ2016 የወጣው የስትራድ ጨዋታም ቫምፓየሩ ደጋግሞ ብቅ እያለ እንዲያስጨንቃቸውና ነገሩ ሲከፋበት እንዲሄድ ይመክራል።

መጀመሪያ ጥላውን፣ ቀጥሎ ሥራውን፣ በመጨረሻ እሱን አሳዩ።

የተጫዋቹን ምሽት መቀማት

ፊልም ላይ ሰው ሲፈዝዝ ማየት ያስደስታል። ጠረጴዛ ላይ የሚፈዝዘው ግን ሥራ ውሎ፣ ልጅ አስተኝቶ፣ ለመጫወት የመጣ ጓደኛችሁ ነው። የመጽሐፉ ቫምፓየር ማፍዘዝ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል፤ የዳይሱ ዕጣ ከከፋ ጓደኛችሁ ሙሉውን ምሽት ስልኩን ሲነካካ ያመሻል። እኔ ግዳጁን ወደ ድርድር ለወጥኩት፦ ብጣሽ ወረቀት ላይ «ለአንድ ሌሊት ዝም በል፤ የታመመችው እህትህ ትድናለች» ብዬ ጽፌ በድብቅ አቀበልኩት። አንብቦ አጠፈውና ኪሱ ከተተው። ሌሎቹ አፈጠጡበት። ምንም ዳይስ ሳይወረወር ጠረጴዛው በጥርጣሬ ተሞላ። ደም፣ በሽታና መደፈርን የሚመስል ነገር የማይፈልግ ሰው ካለ ደግሞ ከጨዋታው በፊት ጠይቁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የተዋናዩን ድምፅ መቅዳት

በ1931 ፊልም ድራኩላን የተጫወተውን የቤላ ሉጎሲን ድምፅ ልቅዳ ያለ ጨዋታ መሪ ሁሉ ያገኘው ሳቅ ነው። ድምፅ ግዴታም አይደለም። ክሪስቶፈር ሊ በ1966ቱ የድራኩላ ፊልሙ አንድም ቃል አይናገርም፤ ኦርሎክማ ከጅምሩ ድምፅ አልባ ነው።

በአማርኛ የምንጫወት ሰዎች ግን ከየትኛውም ቅላጼ የተሻለ መሣሪያ አለን፤ እሱም አንቱታ ነው። ካውንቱ እንግዳውን «እንኳን ደህና መጡ፤ መንገዱ አደከመዎት? እባክዎ ይቀመጡ፣ እራት ቀርቧል» ብሎ ይቀበለዋል። እንግዳው ዳቦ ሲቆርጥ ጣቱን ይቆርጣል፤ ይህ ፊልሙ ውስጥም አለ። ያኔ፣ ድምፃችሁን ሳትለውጡ፣ «እጅህን አምጣ» በሉ። ሌላ ምንም አትጨምሩ። በእኔ ጠረጴዛ ሁለት ሰዎች ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ከዚያ ወዲያው «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ ወደ እርስዎ መመለሱ ደግሞ ይብሳል።

ለዚህ ሲባል መጀመሪያ ላይ በአንቱታው መቆጠብ የለባችሁም። አገልጋዮቹም፣ ደላላውም፣ የሰፈሩ ሰውም ያለ ልዩነት ያንቱት።

ስሙን እንዳለ መተው

ተጫዋቹ «ኦርሎክ» ሲባል ከሰማ ፊልሙን ያውቀዋል፤ ካወቀ ደግሞ ዶሮ ፍለጋ ይሄዳል። የፊልሙ ሠሪዎችም ስም ለውጠው ነበር፤ የስቶከርን ታሪክ ያለ ፈቃድ ወስደው ድራኩላን ኦርሎክ አሉት። የእነሱ ግን አላዋጣቸውም፤ የስቶከር ሚስት ከሰሰቻቸው፣ በ1925ም ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ተፈረደ። የተረፉት ቅጂዎች ናቸው ዛሬ የምናያቸው። የእኛ ጉዳይ ከመብት ይልቅ የምሥጢር ነው። እኔ ስም ጭራሽ አልሰጠሁትም፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ «እሳቸው» ይላል። «ትናንት ማታ እሳቸው አልፈው ነበር።» ከዚህ በላይ ስም አያስፈልገውም።

አንድ ጓደኛዬ «ለምን ቡዳ አናደርገውም? ጅብ ይሁንልና!» ብሎኝ ነበር። እንቢ አልኩ። ኦርሎክ ከሩቅ የመጣ፣ ሀብታም፣ ግንብ ያለው መኳንንት ነው። በእኛ አገር ቡዳ እየተባሉ የተገፉት አንጥረኞች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቤተ እስራኤሎች ናቸው። የደካማውን ስም ለኃይለኛው ጭራቅ ማልበስ ታሪኩንም ያበላሻል፣ ሰውም ያስቀይማል።

ተጫዋች ማድረግ

«ቫምፓየሩን እኔ ልጫወተው» የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። ይህ ጥያቄ ጨዋታው መጽሐፍ ሆኖ ከመታተሙ በፊት የነበረ ነው። ከዲ ኤንድ ዲ ፈጣሪዎች አንዱ በሆነው በዴቭ አርነሰን የብላክሙር ጨዋታ አንድ ተጫዋች ሰር ፋንግ የሚባል ቫምፓየር ሆነና ማንም የማይችለው ሆነ። እሱን ለመግታት፣ ከፊልም የቫምፓየር አዳኞች ተቀድቶ፣ መስቀል የያዘ የቤተ ክርስቲያን ሰው ተፈጠረ። በ1974ቱ ዲ ኤንድ ዲ ውስጥ «ክለሪክ» (የሃይማኖት ሰው) የሚባለው የጀግና መደብ የመጣው ከዚያ ነው።

ስለዚህ ፍቀዱ፣ ግን ኃይሉን ከመስጠታችሁ በፊት ገደቡን ስጡ። አፈር የሞላ ሣጥኑን ማን ይሸከማል? ቀን ቀን ማን ይጠብቀዋል? ካልተጋበዘ ሰው ቤት መግባት አይችልም የሚለውን ሕግ ደግሞ በጥብቅ ያዙ። የእኛው ቫምፓየር በሦስተኛው ሳምንት ድግስ ቤት ደጃፍ ላይ ደርሶ «ግባ በሉኝ እንጂ» አለ። ጓደኞቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ በሩን ዘጉና እራታቸውን በሉ።