ሌሊት ጎመኑን የሚበላው ማነው? ችግርና መፍትሄ

ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ለገጣፎም ሆነ ሱሉልታ ጓሮ ያለው ሰው ሮሮው አንድ ነው፦ «ጎመኔን በላብኝ!» ማን እንደበላው ሳያጣሩ መድኃኒት ፍለጋ መሮጥ ግን ብር መጣል ነው።

ችግር፦ ቅጠሉ ተበሳስቷል፣ ቀን ላይ ግን ምንም አይታይም

የሚያብረቀርቅ የደረቀ ልጋግ ፈልጉ። ካለ፣ በላተኛው ቅርፊት አልባው ቀንድ አውጣ ነው። ልጋግ ጠፍቶ ጥቋቁር ኩስ ካገኛችሁ አባጨጓሬ ነው። ችግኙ ከሥሩ ተቆርጦ ከወደቀ ደግሞ ቆራጭ ትልን ጠርጥሩ። አፈሩን ጫር ጫር ስታደርጉት ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ።

ችግር፦ ቀንድ አውጣውን ያዝኩት፣ ግን የትኛው ዝርያ ነው?

ብዙ ሰው በቀለሙ ሊለየው ይሞክራል። አያዋጣም፤ የአንዱ ዝርያ ልጆች ግራጫም ቡናማም ይሆናሉ። ይልቅ መስታወት ላይ አስቀምጡትና ሳትነኩት ጠብቁ። ቀስ ብሎ አራት ቀንድ ያወጣል። በረጃጅሞቹ ጫፍ ያሉት ጥቁር ነጥቦች ዓይኖቹ ናቸው፤ አጫጭሮቹ ማሽተቻና መዳሰሻ ናቸው። ከራሱ ኋላ እንደ ኮርቻ የተጫነ ሽፋን አለ። በሽፋኑ ቀኝ ጎን አንዲት ቀዳዳ ስትከፈትና ስትዘጋ ታያላችሁ። መተንፈሻው ናት፤ እኔ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው።

ቀዳዳዋ ወደ ሽፋኑ ፊት ከቀረበችና ጀርባው ድቡልቡል ከሆነ፣ አሪዮን የሚባለው ወገን ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ወደ ኋላ ከሆነች ጀርባውን እዩ። ሸንተረሩ ጭራው ጋ ብቻ ከታየ ወደ ዴሮሴራስ ያደላል፤ ሲነካ ነጭ ልጋግ የሚያወጣ ዝርያ እዚህ ውስጥ አለ። ሸንተረሩ ከሽፋኑ እስከ ጭራ ከዘለቀ ግን ሚላክስን አስቡ። ይሄኛው ክፉ ነው። አፈር ውስጥ ገብቶ ድንችና ካሮት ይበላል፤ ከላይ መልቀም ብቻውን አይበቃውም፣ አፈሩን መገልበጥም ያስፈልጋል።

ችግር፦ ለቀምኩ፣ አልቀነሰም

ቀን ለቅማችሁ ይሆናላ! ከመሸ በኋላ በባትሪ ውጡ፣ እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ። ማታ ማጠጣት ትታችሁ ጠዋት አጠጡ። እርጥብ ካርቶን መሬት ላይ አንጥፋችሁ አሳድሩ፤ ሲነጋ ሥሩ ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ። የእርሾ ሽታም ስለሚስባቸው የቀጠነ ሊጥ በጣሳ አድርጋችሁ ቅበሩ። የጣሳው አፍ ግን ከአፈሩ ሁለት ጣት ከፍ ይበል፣ ተባይ የሚበሉት ጢንዚዛዎች እንዳይሰምጡ።

ጨው አትበትኑ፤ አፈሩን ይገድለዋል። ሜታልዴሃይድ የሚባል የቀንድ አውጣ መርዝ ያለበትን እንክብል ደግሞ ውሻ ወይም ዶሮ ያለበት ግቢ አታስገቡ፤ ለእነሱም መርዝ ነው።