ኮሚክ ስትገዙ ገጹን ቁጠሩ

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ፣ ሜሪላንድ) ብዙም በማይርቅ አንድ ሱቅ፣ እ.ኤ.አ. የኖቬምበር 1974 ቀን ያለበትን «ዘ ኢንክሬዲብል ሀልክ» የተባለ ኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ መጽሔት፣ ቁጥር 181 ገዛሁ። ዎልቨሪን የተባለው ዝነኛ ገጸ ባሕርይ በቁጥር 180 የመጨረሻ ገጽ ላይ ብቅ ብሎ ነበር፤ ሙሉ ታሪክ ያገኘው ግን በዚህኛው ነው። ሰብሳቢዎች የሚሻሙበትም ለዚሁ ነው። ለልጄ ምረቃ ብዬ የሦስት ወር ቁጠባዬን ከፈልሁ። ቤት ገብቼ ስገልጠው የአንባቢዎች ደብዳቤ የሚታተምበት ገጽ ላይ የቴምብር መጠን ያላት አራት ማዕዘን ቀዳዳ አገኘሁ።

አሳታሚው ማርቭል በእነዚያ ዓመታት በየመጽሐፉ ውስጥ ልጆች ቆርጠው እንዲሰበስቡት ቴምብር ያትም ነበር። ያኔ መቀስ ያነሣውን ልጅ አልወቅሰውም፤ ቁረጥ ተብሎ ነው የቆረጠው። ሳይነግረኝ የሸጠልኝን ሰው ግን እስካሁን ይቅር አላልሁትም። ቴምብሩ የሌለው ቅጂ ዋጋው እጅግ ይወርዳል።

ስለዚህ ከሽፋኑ ውበት በፊት ገጹን ቁጠሩ። የዚያ ዘመን መደበኛ ኮሚክ ከሽፋኑ ውጪ 32 ገጽ አለው። የመሃሉ ወረቀት ገጾቹን ከሚያያይዘው ሽቦ ተላቅቆ ሲጠፋ አራት ገጽ ይዞ ይሄዳል፤ ታሪኩ መሃል ላይ እየዘለለ የሚሄድ ከመሰላችሁ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ከፕላስቲኩ አውጥቼ ልየው ስትሉት እንቢ ከሚል ሻጭ አትግዙ። እኔ ከእንግዲህ አልገዛም።

ቀጥሎ መጽሐፉን መብራት ስር ዘንበል አድርጋችሁ ያዙት። ፊት ለፊት ሲታይ ንጹሕ የሚመስል ሽፋን ዘንበል ሲል እጥፋቱንና የጣት ጭረቱን ያወጣል። ሁለቱ ሽቦዎች በሚይዙት ጀርባ ላይ ቀለሙ ተሰብሮ ነጭ ሰረዞች ይታያሉ፤ አንድ በአንድ ቁጠሯቸው። ሽቦው ዝጎ ወረቀቱን ቡናማ አድርጎት እንደሆነም እዩ። ተቀዶ በፕላስተር የተጠገነ ነገር ደግሞ አደጋው ድርብ ነው፤ ማጣበቂያው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል።

ሰብሳቢዎች ለመጽሐፉ ይዞታ የሚሰጡት ደረጃ ከ0.5 እስከ 10 ይሄዳል። እንደ እኔ እንግሊዝኛን ዘግይቶ የተማረ ሰው እዚህ ላይ በቀላሉ ይሳሳታል። ሻጩ «ጉድ» ብሎ ሲጽፍ ጥሩ ማለቱ ይመስላችኋል፤ በሰብሳቢዎች ቋንቋ ግን 2.0 ነው፣ የተጎሳቆለ መጽሐፍ። «ቬሪ ጉድ» 4.0፣ «ፋይን» 6.0፣ «ቬሪ ፋይን» 8.0፣ «ኒር ሚንት» 9.4 ነው። ቃሉን ተዉት፣ ቁጥሩን ጠይቁ። የራሳችሁን መጽሐፍ ስትመዝኑ ደግሞ በመጀመሪያ ከገመታችሁት ግማሽ ነጥብ ቀንሱ፤ የገዛ ንብረቱን ሲያይ የማይራራ ዓይን የለም።

ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው «ኤክስ ሜን» ቁጥር 1 ከ8 ሚሊዮን በላይ ታትሟል፤ ብዙ ሰው ሀብት ይሆነኛል ብሎ በፕላስቲክ አሽጎ ስላስቀመጠው ዛሬም በየሣጥኑ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጡት ኮሚኮች ግን በዐሥር ሳንቲም ተሸጠው፣ ተነብበው፣ ተጥለው ያለቁ ናቸው፤ የተወደዱትም ስለዚያ ነው።

ለማስቀመጥ አሲድ የሌለው ካርቶንና የፖሊፕሮፒሊን ከረጢት፣ ከዚያ ሣጥን ውስጥ ማቆም። ምድር ቤት አታስቀምጡ፤ የሜሪላንድ የሰኔና የሐምሌ እርጥበት ወረቀት ያበላሻል።

ለመሸጥ ስታስቡ ሲጂሲ ለተባለው የፍሎሪዳ ድርጅት ልኮ ደረጃ ማሰጠትና በጠንካራ ፕላስቲክ ማሳሸግ ይቻላል። ሰማያዊ መለያ ያልተነካካ መጽሐፍ ማለት ነው፤ ሐምራዊው የተጠገነ፣ አረንጓዴው አንድ የተለየ ጉድለት ያለበት። ክፍያው ከመጽሐፉ ዋጋ የሚጠጋ ከሆነ ግን አትልኩ። በፖስታ ስትሸጡም በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሃል አጣብቁት። የአሜሪካ ፖስታ ለመጻሕፍት በፈቀደው ርካሽ ታሪፍ ግን አትላኩ፤ ኮሚክ ማስታወቂያ ስላለበት በዚያ ታሪፍ አይስተናገድም።

ያን ቁጥር 181 ባለፈው ዓመት ሸጥሁት። መጀመሪያ ያነሣሁት ፎቶግራፍ የሽፋኑ አልነበረም፣ የቀዳዳዋ ነበር፤ በመግለጫውም የመጀመሪያው መስመር ላይ ቴምብር የለውም ብዬ ጻፍሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ሳይከራከር ገዛው። ቴምብሯን ብቻ ከሌላ የተቀዳደደ ቅጂ አግኝቶ ለዓመታት አስቀምጧት ኖሯል።