ብዙ ኤሌክትሮዶች ባሉት ካቴተር የልብን የኤሌክትሪክ ካርታ ስለማዘጋጀት

የልብ ምት መዛባትን በአብሌሽን (ምቱን የሚያዛባውን የልብ ሥጋ በማቃጠል) ለማከም የተዘጋጀ ሐኪም አስቀድሞ ሊያውቅ የሚገባው የኤሌክትሪክ ሞገዱ ከየት እንደሚነሳና በየት በኩል እንደሚያልፍ ነው። ጫፉ 3.5 ሚሊ ሜትር በሆነ የአብሌሽን ካቴተር (ወደ ልብ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ነጥብ በነጥብ መመዝገብ ይቻላል፤ ይሁንና ትልቁ ኤሌክትሮድ (ሲግናሉን የሚያነበው ብረት) በዙሪያው ያለውን ሁሉ በአንድነት ስለሚያነብ በጠባሳ መካከል የተረፈ ቀጭን ሕያው ጡንቻ ሊያመልጠው ይችላል። ትንንሽና ተቀራራቢ ኤሌክትሮዶች ያሉት ካቴተር ይህን ጉድለት ይቀንሳል፤ በአጭር ጊዜም በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን ይሰበስባል። የነጥቦቹ መብዛት ብቻውን ግን ካርታውን ትክክለኛ አያደርገውም።

የካቴተሩ ቅርጽ የሚመረጠው እንደሚመረመረው ክፍል ነው። ክብ የሆነው ለሳንባ ደም መልሶች አፍ ይስማማል፤ አምስት ክንዶች ያሉት ለኤትሪየም (የልብ የላይኛው ክፍል) ግድግዳ፣ 16 ኤሌክትሮዶችን በአራት ረድፍ የያዘው ደግሞ የሞገዱ አቅጣጫ ለሚያሳስብበት ቦታ ይመረጣል። በግራ የልብ ክፍል ሲሠራ የደም መርጋት ስትሮክ ሊያስከትል ስለሚችል ሄፓሪን የተባለው የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት ተሰጥቶ የደም መርጊያ ጊዜው ከ300 ሰከንድ በላይ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ካቴተሩም በማስገቢያ ቱቦው ውስጥ ሲያልፍ አየር ይዞ እንዳይገባ ቱቦው በጥንቃቄ መታጠብ ይኖርበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የማነጻጸሪያ ሲግናል፣ ማለትም የእያንዳንዱ ነጥብ ጊዜ ከእሱ አንጻር የሚለካበት ቋሚ ሲግናል ነው፤ በእኔ እምነት አብዛኛው የካርታው ዕጣ እዚህ ላይ ይወሰናል። ለኤትሪየም ብዙውን ጊዜ በኮሮናሪ ሳይነስ (በልብ ጀርባ በሚያልፈው የልብ ደም መልስ) ውስጥ የተቀመጠ ካቴተር ያገለግላል፤ ከኤሌክትሮዶቹ መካከል የኤትሪየም ሲግናሉ ጎልቶ፣ የቬንትሪክሉ (የልብ የታችኛው ክፍል) ደግሞ አንሶ የሚታይበት ጥንድ ይመረጣል። ይህ ካቴተር በሥራው መካከል ከተንሸራተተ ቀድሞ የተመዘገበው ጊዜና በኋላ የሚመዘገበው ስለማይገጥሙ፣ ወደ ቦታው መመለስ ካልተቻለ ካርታውን እንደገና መጀመር ይሻላል። የምዝገባው መስኮት፣ ማለትም በእያንዳንዱ ምት ሲግናል የሚፈለግበት የጊዜ ክልል፣ ከታኪካርዲያው (ከተዛባው ፈጣን የልብ ምት) ዑደት ጥቂት እንዲያንስ ተደርጎ ይወሰናል፤ ዑደቱ 250 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ መስኮቱ 230 አካባቢ ሊሆን ይችላል።

ካቴተሩ ግድግዳውን በስሱ እየነካ በዝግታ ይንቀሳቀስ። ሲጫኑት ተጨማሪ ምት ይቀሰቅሳል፤ አንዳንዴም ታኪካርዲያውን ያቆመዋል ወይም ወደ ሌላ ይለውጠዋል። ስለዚህ የዑደቱ ርዝመትና በኮሮናሪ ሳይነስ ላይ የሚታየው ቅደም ተከተል እንዳልተለወጠ በየጊዜው መታየት አለበት። በግራ ኤትሪየምና በግራ ቬንትሪክል መካከል ባለው ሚትራል ቫልቭ አጠገብ ካቴተሩ በቫልቩ ጅማቶች ሊጠላለፍ ይችላልና፣ ቢያዝ በኃይል መጎተት ቫልቩን ሊቀድ እንደሚችል ፈጽሞ መዘንጋት አይገባም።

የቮልቴጅ ካርታ ሲነበብ በሳይነስ ምት (በተለመደው የልብ ምት) በኤትሪየም ከ0.5 ሚሊ ቮልት በታች የሆነው ዝቅተኛ ይባላል፤ በቬንትሪክል ከ1.5 በላይ ጤናማ፣ ከ0.5 በታች ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ጠባሳ ተብሎ ይወሰዳል። ነገር ግን ግድግዳውን ሳይነካ በደም ውስጥ የሚንሳፈፍ ኤሌክትሮድም ዝቅተኛ ቮልቴጅ ያሳያል። ከዚህም በላይ ሞገዱ የኤሌክትሮዶቹን ጥንድ በጎን (በቀጤ ነክ አቅጣጫ) አቋርጦ ሲያልፍ፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለሚነኩ፣ ሲግናሉ ትንሽ ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ አንድን አካባቢ ጠባሳ ከማለት በፊት ካቴተሩን መልሶ ንክኪውን ማረጋገጥና በሌላ አቅጣጫ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ሞገዱ በየነጥቡ መቼ እንደደረሰ በቀለም የሚያሳየው የጊዜ ካርታ ሞገዱን ከአንድ ነጥብ ወደ ዙሪያው ሲሰራጭ ካሳየ፣ በዚያ ነጥብ ላይ ያለው የዩኒፖላር ሲግናል (ግድግዳውን በሚነካ አንድ ኤሌክትሮድ ብቻ የሚመዘገበው) ገና ከመነሻው ወደ ታች መውረድ ይኖርበታል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀለም ጎን ለጎን ከተገናኙ ግን ሞገዱ እየዞረ መሆኑ ይጠረጠራል። መስኮቱ በስህተት ቢቀመጥም ቀለማቱ እንዲሁ ሊገናኙ ስለሚችሉ፣ ከዑደቱ በጥቂቱ በፈጠነ ፍጥነት ልብን ከዚያው ቦታ በካቴተሩ በኤሌክትሪክ ግፊት መምታት ማረጋገጫ ይሆናል፦ ምቱ ታኪካርዲያውን ሳያቋርጥና ሳይለውጥ ካፈጠነው፣ ሲቆም የሚመለሰው ሲግናል ከዑደቱ ከ30 ሚሊ ሰከንድ በላይ ካልዘገየ ቦታው በመዞሪያው ውስጥ ወይም እጅግ አጠገቡ ነው፤ ብዙ ከዘገየ ግን ካርታው ምንም ያህል ያማረ ቢሆን በዚያ ቦታ ላይ ማቃጠል አይገባም።