ላምዳ ፋይሉን አላነብ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ፋይል የአማዞን የፋይል ማከማቻ በሆነው ኤስ ስሪ (S3) ላይ ይጫናል፣ ኮዳችሁን ሲፈለግ ብቻ የሚያስኬደው የአማዞኑ ላምዳ ይነሳል፣ ያነባል፣ ሥራውን ጨርሶ ይተኛል። ሰርቨር መጠበቅ የለ፣ ምን የለ። ሲበላሽ ግን ስህተቱ የሚለው ሌላ፣ ችግሩ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ኮዱን ከመነካካታችሁ በፊት የላምዳው ሎግ (የሥራ መዝገቡ) የሚቀመጥበት ክላውድ ዋች (CloudWatch) ገብታችሁ የመጨረሻውን ሎግ አንብቡ።

«አክሰስ ዲናይድ» (ተከልክሏል) ይላል፣ ቁጥሩም 403 ነው

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ቀጥታ ወደ ፈቃድ ገጹ ይሮጣል። ሲጨንቀው ደግሞ ኮከብ ምልክት አስገብቶ ሁሉንም ነገር ይከፍታል። አታድርጉት። መጀመሪያ ፋይሉ በጠየቃችሁበት ስም መኖሩን አጣሩ። የላምዳው ሮል (ፈቃዶቹን የሚይዝለት መታወቂያ) ሊስት በኬት የሚባለው፣ በበኬቱ ማለትም በፋይሎቹ ቋት ውስጥ ያለውን የመዘርዘር ፈቃድ ከሌለው፣ ኤስ ስሪ የሌለ ፋይል ሲጠየቅ «የለም» አይልም። «አልተገኘም» በሚለው 404 ፈንታ 403 ይመልሳል። ፋይሉ መኖር አለመኖሩን እንኳ ለማያገባው ሰው አይናገርም።

ፋይሉ በዓይናችን እየታየ እንዴት «የለም» ይባላል? ኤስ ስሪ ለላምዳ በሚልከው መልእክት ውስጥ የፋይሉ ስም እንዳለ አይመጣም፤ እንደ ድረ ገጽ አድራሻ ተቀይሮ ነው የሚመጣው። ክፍት ቦታው የመደመር ምልክት ይሆናል። የእኛ ፊደል ደግሞ ኮምፒውተር ፊደልን በባይት በሚጽፍበት በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ 3 ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ባይት የፐርሰንት ምልክት ተለጥፎበት ሲጻፍ አንድ ፊደል 9 ምልክት ይወስዳል። «የሰኔ ደመወዝ» ያላችሁት ፋይል 64 ምልክት ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ያውም ቅጥያው ሳይቆጠር። ኮዱ ይህንኑ ይዞ ሲጠይቅ እንዲያ የሚባል ፋይል የለም። በአጭር የላቲን ስም የሞከረ ሰው ችግሩ አይታየውም። የሚታየው ሂሳብ ክፍል የራሱን ፋይል የጫነ ቀን ነው።

መፍትሄው አንድ መስመር ነው። በፓይተን ከሆነ ስሙን መጀመሪያ ወደ ነበረበት በሚመልሰው በ«አንኮት ፕላስ» (unquote_plus) አሳልፉት። «አንኮት» ብቻዋን አትበቃም፤ የመደመር ምልክቱን ወደ ክፍት ቦታ አትመልሰውም። ስሙን ኮድ ውስጥ በእጅ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለኤስ ስሪ ሁለት የማይተዋወቁ ፋይሎች ናቸው።

ስሙ ትክክል ሆኖ እንቢ ካለ፣ አሁን ወደ ፈቃዱ ሂዱ። ጌት ኦብጀክት፣ ማለትም ፋይል የማንበብ ፈቃድ፣ የሚሰጠው በበኬቱ ውስጥ ላሉት ፋይሎች ነው፤ ስለዚህ አድራሻው በስላሽና በኮከብ ይጨረስ። ሊስት በኬት ግን ለራሱ ለበኬቱ ነው፣ ያለ ኮከብ። ፋይሉ በራሳችሁ የኬኤምኤስ (የአማዞን የምስጢር ቁልፍ አገልግሎት) ቁልፍ የተመሰጠረ ከሆነ የዲክሪፕት፣ ማለትም ምስጢሩን የመፍታት ፈቃድም ያስፈልጋል።

«ታስክ ታይምድ አውት» (ጊዜው አልቋል) ይላል

ካልነካችሁት የላምዳ የጊዜ ገደብ 3 ሰከንድ ብቻ ነው። እስከ 15 ደቂቃ ማሳደግ ይቻላል። አንድ ደቂቃ ሰጥታችሁት ትንሽዬ ፋይል ላይ እንኳ ደርቆ ከቀረ ግን ጊዜ ጨምሩለት ማለት ከንቱ ነው። ላምዳውን ቪፒሲ (አማዞን ላይ ያላችሁ የግል ኔትወርክ) ውስጥ አስገብታችሁት እንደሆነ እዩ። እዚያ ከገባ በራሱ ወደ ኤስ ስሪ የሚወስድ መንገድ የለውም። ለኤስ ስሪ ጌትዌይ ኢንድፖይንት (ከቪፒሲው ወደ ኤስ ስሪ የሚያስገባ በር) ክፈቱና ላምዳው ካለበት የኔትወርክ ክፍል፣ ከሰብኔቱ፣ ሩት ቴብል (የመንገድ ሰንጠረዥ) ጋር አገናኙት። ክፍያ የለውም። ለዚህ ብቻ ብሎ ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣውን ናት ጌትዌይ መትከል ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ትንሹን ያነባል፣ ትልቁ ላይ ይሞታል

ሜሞሪ ነው። መነሻው 128 ሜጋባይት ነው፤ ሎጉ መጨረሻ ላይ የተጠቀመው ሜሞሪ ከተፈቀደለት ጋር እኩል ከሆነ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ። ጨምሩለት፤ ሲፒዩውም አብሮ ያድጋል። ከዚያ የተሻለው ግን ፋይሉን በአንዴ አለመዋጥ ነው፤ በየመስመሩ አንብቡት። በባይት እየቆረጣችሁ እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ ወደ ጽሑፍ ከቀየራችሁት የአማርኛው ፊደል መሃል ላይ ይሰነጠቅና ዲኮድ አላደርግም ይላል።

አንድ ፋይል ተጭኖ ላምዳው ደጋግሞ ይነሳል

ውጤቱን መልሳችሁ እዚያው በኬት ላይ ስለምትጽፉ ነው፤ የጻፋችሁት ፋይል እንደገና ይቀሰቅሰዋል። ለውጤቱ ሌላ በኬት ስጡት። አሁኑኑ ማቆም ከፈለጋችሁ ደግሞ ሪዘርቭድ ኮንከረንሲውን (በአንድ ጊዜ ስንት ላምዳ እንዲሠራ የተመደበለትን ቁጥር) 0 አድርጉት።