የውሻችሁ ፀጉር ተቋጥሮ አልፈታ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

በሱሉልታ፣ በሰንዳፋና በለገጣፎ ግቢ ውስጥ የሚያድር ባለ ረጅም ፀጉር ውሻ በክረምት ጭቃ፣ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ጭጎጎት ይለቅማል። መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት የቋጠሮውን ምክንያት ለዩ።

ላዩ ለስላሳ ነው፤ ማበጠሪያው ግን ሥሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል

ላይ ላዩን ስለተበጠረ ነው። የረገፈው የውስጥ ፀጉር መውጫ አጥቶ ከቆዳው አጠገብ እንደ ባና ይጠቀጠቃል። ፀጉሩን በአንድ እጅ ወደ ላይ ገልብጣችሁ ቆዳው የሚታይበት መስመር አውጡ፤ ከዚያ ጥቂት ጥቂቱን እየለቀቃችሁ ለውሻ ፀጉር በተሠራ የሽቦ ብሩሽ አበጥሩ። በመጨረሻ የብረት ማበጠሪያ ከቆዳ እስከ ጫፍ ካላለፈ አልተፈታም ማለት ነው።

ከታጠበ በኋላ ባሰበት

የተቋጠረ ፀጉር ረጥቦ ሲደርቅ ይጠብቃል። መጀመሪያ ፍቱ፣ ከዚያ እጠቡ፣ እስኪደርቅም እያበጠራችሁ ቆዩ።

ከጆሮ ጀርባ፣ ብብትና አንገት ማሰሪያው ሥር ይመላለሳል

መፋተግ ነው። ማሰሪያውን ግቢ ውስጥ ሲሆን አውልቁለት። ለመፍታት አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮንዲሽነር በግማሽ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ርጩበት፤ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። (ቅቤ አትቀቡት፤ አቧራ ይሰበስባል፣ እሱም ይልሰዋል።) የፀጉሩን ሥር በጣታችሁ ቆንጥጣችሁ ያዙ፤ ስትጎትቱ ቆዳው ብዙ አይሳብም፣ ውሻውም የመንከሱ ዕድል ይቀንሳል። ቋጠሮውን በጣት እየለያያችሁ ከጫፍ ወደ ሥር አበጥሩ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሠርታችሁ አሳርፉት።

ቋጠሮው አልፈታ ካለ ማበጠሪያውን በቆዳውና በቋጠሮው መካከል አስገብታችሁ ከማበጠሪያው በላይ ቁረጡ። ቋጠሮው ቆዳውን ወደ ላይ ስቦ ስለሚይዝ ያለ ማበጠሪያ የሚቆርጥ ሰው በቀላሉ ቆዳ ሊቆርጥ ይችላል፤ በተለይ ጆሮ ላይ።

በጣቶቹ መካከል ይልሳል፣ ያነክሳል

ጭጎጎት ወይም የሣር እሾህ ሊሆን ይችላል። ፀጉሩን ከጭጎጎቱ ላይ ጥቂት በጥቂት አላቁ። እሾህ ቆዳ ውስጥ ይዘልቃል፤ ካበጠ ሐኪም ያውጣው።

ሥሩ ቀልቷል፣ ይረጥባል ወይም ይሸታል

ማበጠሩን አቁሙና የእንስሳት ሐኪም አሳዩ። መዥገር ካለ በወረንጦ ከሥሩ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ እንጂ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ አትቀቡ፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ሲልሰውም ይመርዘዋል።

መላ ሰውነቱ ተያይዟል

መፍታት ማሠቃየት ነው፤ በቶንዶስ ይላጭ። ምላጩ ይግላልና በየጥቂት ደቂቃው ክንዳችሁ ላይ ፈትኑት። ከጆሮው ከባድ ቋጠሮ ሲነሳ ውሻው ጭንቅላቱን እያራገፈ በጆሮው ቆዳ ሥር ደም ሊቋጥር ስለሚችል ሁለት ቀን ተከታተሉት። በኅዳርና በታኅሣሥ ከሆነ የተላጨ ውሻ ውጭ አይደር፤ ቤቱ ውስጥ ደረቅ ጭድ ጎዝጉዙለት።