የተበከለ አየርና ክትባት፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉም የከፋው ስህተት «አየሩ ከተበከለ ክትባቱ አይሠራም» ብሎ መደምደም ነው። ለወሬው መነሻ የሆነው ጥናት እውነተኛ ነው። በስፔን ካታሎኒያ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 65 የሆነ ከ900 በላይ ሰዎች የኮቪድ ክትባት ከወሰዱ በኋላ ደማቸው ተመርምሮ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት፣ ቀደም ብሎ በሽታው ካልያዛቸው መካከል ይበልጥ በተበከለ አየር ውስጥ የኖሩት ሰዎች አንቲቦዲ (ሰውነት በሽታን ለመዋጋት የሚሠራው ፕሮቲን) ከ5 እስከ 10 በመቶ ያነሰ ነበር። አነሰ እንጂ አልጠፋም! የተለካውም በደም ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ነው፤ ሰውነት ግን በሽታን የሚከላከለው በእሱ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለውን ግኝት ይዞ ሰውን ከክትባት ማራቅ ከባድ ጥፋት ነው።

ሌላው ስህተት ጉዳቱን ከክትባቱ ዕለት አየር ጋር ማያያዝ ነው። በካታሎኒያ የታየው ከወረርሽኙ በፊት የነበረው የረጅም ጊዜ ብክለት ነው። ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሱ ብናኞች እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይገባሉ፤ ሰውነትን ለረጅም ጊዜ በማስቆጣት የመከላከል አቅሙን እንደሚያዛቡም ይታሰባል። ስለዚህ የጠራ ቀን እየጠበቁ ክትባትን ማዘግየት ትርፍ የለውም።

ብክለትን የመኪና ጭስ ብቻ አድርጎ ማየትም ያሳስታል። በአገራችን ብዙ እናቶች ልጅ አዝለው በማገዶና በኩበት እንጀራ ይጋግራሉ። የካታሎኒያው ውጤት ስለ ጎልማሶች ስለሆነ በቀጥታ ወደ ሕፃናት ክትባት መውሰድ አይቻልም። የማጀት ጭስ የሕፃናትን የሳንባ ምች እንደሚያባብስ ግን በደንብ ይታወቃል፤ ልጁን ከጭሱ ለማራቅ ይህ ብቻውን ይበቃል። ጭሱ አይታይም ተብሎ ከሰልን እንደ ንጹሕ ማየትም አደገኛ ነው፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ጭሱን ይቀንሳል፣ አያጠፋውም፤ መስኮትና የጭስ መውጫ ያስፈልጋሉ። ሲጋገር ልጁን ሌላ ሰው ውጭ ቢይዘው ደግሞ ትልቅ እገዛ ነው። በነጠላ አፍንጫን መሸፈን ደቃቅ ብናኝን አያስቆምም።

በመጨረሻም፣ ልጁ ትንሽ ስለሳለ የክትባት ቀጠሮ መዝለልም ስህተት ነው። ቀላል ሳልና ጉንፋን ክትባት አይከለክሉም። የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት፣ እንዲሁም የ9 ወር ቀጠሮዎችን ያክብሩ። አንዱ ካለፈም ካርዱን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና ከመጀመሪያው አይጀመርም።